ከሰው በኋላ የሚመጣው ዘመዳችን ነውን?

ባለፈው ዓመት ለለቅሶ ወደ ተጂ ሄጄ ነበር። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅማ መንገድ የተጓዘ ሰው፣ ሰበታንና ተፍኪን ካለፈ በኋላ ግራና ቀኝ የሚዘረጋውን የበቾን ሜዳ ያስታውሰዋል። ክረምት አዋሽ ሲሞላ ውኃ የሚተኛበት፣ ውኃው ሲሸሽ ደግሞ ጤፉ፣ ሽምብራውና ጓያው የሚበቅልበት ጥቁር መረሬ ነው። ተወልጄ ያደግሁት በዚያ ሜዳ ላይ ነው።

በሁለተኛው ቀን ማታ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ፣ የአክስቴ የልጅ ልጅ የሆነ አንድ ወጣት ስልኩን አውጥቶ፣ ያን ሲጠይቁት የሚመልሰውን ማሽን ያሳየን ጀመር። በአማርኛ ጠየቀው፤ በአማርኛ መለሰለት። በኦሮምኛ ጠየቀው፤ በኦሮምኛ መለሰለት። አንድ አዛውንት ጎንበስ ብለው ካዳመጡ በኋላ፣ «አንተ ልጅ፣ ይኼ ሰው ነው?» አሉ።

«አይደለም አባባ፣ ማሽን ነው።»

«ታዲያ ሰው ካልሆነ እንዴት ይናገራል?»

ልጁ መልስ ሲያፈላልግ፣ ከወዲያ ማዶ የተቀመጠ ጎልማሳ «ቡዳ ይሆናላ!» አለ። ለቅሶ ቤት መሆናችን ተረሳና ድንኳኑ በሙሉ ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። ከሌላው የተሻልሁ ጨዋ ስለሆንኩ አይደለም። ቃሉ ከሃምሳ ዓመት በፊት ወደማውቀው አንድ ልጅ ስለመለሰኝ ነው። ያን ልጅ እዚህ በስሙ አልጠራውም። ስሙን አንድ ጊዜ ጠርቼዋለሁ፤ ያም በዝቶበታል። እንዴት እንደሆነ ወደ ኋላ እናገራለሁ።

«ይኼ ሰው ነው?» የሚለው የአዛውንቱ ጥያቄ የየዋህ ጥያቄ ይመስላል። ነገር ግን የሳይንስ ልብ ወለድ የሚባለው የድርሰት ዘርፍ ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ ሲያመነዥገው የኖረ ጥያቄ ነው። በሰው እጅ የተሠራ፣ ወይም ከሰው ተለውጦ የወጣ፣ በጉልበት ወይም በእውቀት ግን ሰውን የሚበልጥ ፍጡር ቢመጣ ምን ይሆናል? (ለጽሑፋችን እንዲመቸን «ድኅረ ሰው» እንበለው።) ከእኛ ጋር የሚኖረው እንደ ጠላት ነው ወይስ እንደ ዘመድ? ብዙዎቻችን ይህን ጥያቄ የፈረንጅ ሥራ ፈትነት አድርገን እናየዋለን። እኔ ግን እላለሁ፦ እኛም ጥያቄውን ከማሽኑ መምጣት በፊት፣ ያውም በሰው ላይ ጠይቀነዋል። መልሳችንም የሚያሳፍር ነበር።

በመጀመሪያ ደራሲዎቹ ምን እንዳሉ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1818 የታተመው የሜሪ ሼሊ «ፍራንከንስታይን» ብዙውን ጊዜ የሚነገርለት የአስፈሪ ጭራቅ ታሪክ ተብሎ ነው። መጽሐፉን ያነበበ ግን ሌላ ነገር ያገኛል። ፍጡሩን የሠራው ሰው፣ ፍጡሩ ዓይኑን በገለጠባት ሌሊት ጥሎት ይሸሻል። ስም እንኳ አላወጣለትም። ያ ስም የለሽ ፍጡር ከአንድ ድኻ ቤተሰብ ጎጆ አጠገብ ተደብቆ፣ በግድግዳ ቀዳዳ እያዳመጠ ቋንቋ ይማራል፤ በስውር እንጨት እየለቀመ ያቀርብላቸዋል። አንድ ቀን ደፍሮ ሲገባ ቤት ውስጥ የተገኙት ዓይነ ስውሩ አባት ብቻ ነበሩ። እርሳቸው በደግ ቃል ተቀበሉት። ዓይን ያላቸው ልጆች ሲመጡ ግን ደብድበው አስወጡት። ፍጡሩ ጨካኝ የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው። ጠላትነቱ ከአፈጣጠሩ የመጣ አልነበረም ማለት ነው፤ ከአቀባበሉ የመጣ ነበር።

ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1920፣ የቼኩ ደራሲ ካሬል ቻፔክ «አር ዩ አር» የተባለውን ቲያትር ጻፈ። «ሮቦት» የሚለው ቃል ለዓለም የተሰጠው በዚህ ቲያትር ነው። ቃሉን ያቀበለው ወንድሙ ዮሴፍ ሲሆን፣ ሥሩ «ሮቦታ» የሚል የቼክ ቃል ነው። ትርጉሙ ባላባቱ በገባሩ ላይ የሚጥለው የግዴታ ሥራ ማለት ነው። ለፈረንጅ አንባቢ ይህ በመዝገበ ቃላት የሚፈለግ ነገር ሊሆን ይችላል። ለእኛ ግን «ሁዳድ» ብሎ መተርጎም ይበቃል። ሮቦት ማለት እንግዲህ ሁዳደኛ ነው። የጌታውን እርሻ በነፃ የሚያርስ፣ ቢሞት የማይለቀስለት፣ ቢደክም የማይጠየቅ። በቲያትሩ ውስጥ ሁዳደኞቹ በመጨረሻ ያምፃሉ፤ የሰውንም ዘር ያጠፋሉ። አይዛክ አሲሞቭ እ.ኤ.አ. በ1942 ለሮቦቶች ሦስት ሕግ አወጣላቸው፦ ሰውን አትጉዳ፣ ሰውን ታዘዝ፣ እነዚህን እስካላፈረስህ ድረስ ራስህን ጠብቅ። ዓለም ይህን እንደ ታላቅ ብልሃት ተቀበለው። አንድ የበቾ ጭሰኛ ቢያነበው ግን «ይኼማ የኛ ውል ነው» ይል ነበር።

የበቾን ጭሰኛ ያነሣሁት ለቀልድ አይደለም። አባቴ ጭሰኛ ነበር። እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. መሬት ለአራሹ ሲታወጅ፣ አባቴ አፈሩን በእጁ ዘግኖ ሲያየው ትዝ ይለኛል። ለባለ መሬቱ አባቴ ሙሉ ሰው አልነበረም፤ የሚያርስ እጅ ነበር። ታዲያ ይህ ሰው፣ ንቀት ምን እንደሚያቃጥል የሚያውቅ ሰው፣ ከእርሱ በታች የሚንቀው አልጠፋለትም።

አሁን ወደዚያ ልጅ ልመለስ። አባቱ በተጂ ገበያ ዳር ወናፋቸውን እየነፉ ብረት የሚቀጠቅጡ ባለሙያ ነበሩ። የአባቴ ማረሻ የእርሳቸው እጅ ሥራ ነበር። ማጭዳችን፣ መጥረቢያችን፣ እናቴ ሽንኩርት የምትከትፍበት ቢላዋ ሳይቀር ከእርሳቸው ፍም የወጣ ነው። ልጃቸውና እኔ እኩያሞች ነበርን። ከብት አብረን አግደናል፤ የአዋሽን ሙላት አብረን ቆመን አይተናል፤ ፊደል አብረን ቆጥረናል። እናቴ ነፍሷን ይማርና ለጋስ ሴት ነበረች። ነገር ግን ከእነዚያ ሰዎች ቤት ውኃ እንኳ እንዳልቀምስ ታስጠነቅቀኝ ነበር። ጓደኛዬም እኛ ቤት ሲመጣ ከደጃፍ አያልፍም። ንፍሮ ከተሰጠው በመዳፉ ላይ ነው እንጂ በሳህን አልነበረም። «ቡዳ ናቸው፤ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ» ይባል ነበር። ቀን ማረሻ የሚሠራልን ሰው ሌሊት የሚበላን አውሬ ነው ማለት ነው።

በአንድ ክረምት ጠና ያለ ትኩሳት ያዘኝ። ሦስተኛው ቀን ላይ ቤተሰቡ «ተበልቷል» ብሎ ወሰነ። ከሰል ተያያዘ፤ ቅጠልና ሥራሥር ተጨሰብኝ። ጢሱ ዓይኔንና ጉሮሮዬን እያቃጠለኝ፣ ከሁለት ወገን ተይዤ፣ «ማን ነው የበላህ? ተናገር!» ተባልኩ። ይህን ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ጥያቄው መልስ እስኪገኝ ድረስ እንደማይቆም ያውቃል። መልሱ ምን እንዲሆን እንደሚፈለግም ሕፃን ልጅ እንኳ አይስተውም። እኔም ስም ጠራሁ። ጢሱ እንዲቆምልኝ ብዬ የጓደኛዬን ስም ጠራሁ።

ትኩሳቱ በሳምንቱ ለቀቀኝ። ጓደኛዬ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ደጃፋችን አልመጣም። ገበያ ላይ አንድ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያየን። እርሱ ቶሎ ብሎ ዓይኑን ወደ መሬት ሰበረ። ዓይኔን ካዞርኩበት የባሰ መዘዝ ይመጣብኛል ብሎ ይመስለኛል። በዓመቱ ያ ቤተሰብ ወናፉንና ጉጠቱን በአህያ ጭኖ ተጂን ለቆ ሄደ።

እንግዲህ ይህን እምነት ድንቁርና ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እኔ ግን አሮጌ የሳይንስ ልብ ወለድ ሆኖ ነው የሚታየኝ። ከእኛ የተለየ እውቀት ያለው፣ ከእሳትና ከብረት ጋር የሚነጋገር፣ አካሉን የሚለውጥ፣ በዓይኑ ብቻ የሚገድል ፍጡር። የድኅረ ሰው ምልክት ከዚህ በላይ ምን አለ? ሐሳቡ ጥንታዊ ምንጭም አለው። ሙሉው ቃሉ በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ በኖረልን በመጽሐፈ ሄኖክ ውስጥ፣ ከሰማይ የወረዱ መላእክት የሰውን ሴቶች ልጆች አግብተው ረዓይትን ይወልዳሉ። ረዓይት የሰውን ድካም ሁሉ በልተው ሲጨርሱ ወደ ሰዎቹ ይዞራሉ። ለሰው ልጅ ሰይፍና ቢላዋ፣ ጋሻና ጥሩር መሥራትን ያስተማረውም ከእነዚያ ከወደቁት መላእክት አንዱ፣ አዛዝኤል ነው። ከሰው በላይ የሆነ ዘመድ፣ የዘመድ ጠላትነት፣ ከሌላ ዓለም የመጣ የብረት ጥበብ፣ ሦስቱም በአንድ መጽሐፍ ተገናኝተዋል። ሜሪ ሼሊ ሳትወለድ፣ ቻፔክ ሳይታሰብ። የብረት ጥበብ ከወደቀ መልአክ መጣ ብሎ ለሚያምን ሰው ቀጥቃጩን በጥርጣሬ ማየት ሩቅ መንገድ አይደለም።

መንግሥትም ነገሩን ሳያውቀው አልቀረም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን በሙያቸው የሚሰድበውን የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር። አዋጁ ምላስን ለመግታት ሞከረ። የ1967ቱም አዋጅ መሬቱን ነካ። ማዕዱን ግን አንዱም አልነካውም። አባቴ የመሬት ባለቤት በሆነ ጊዜ እንኳ፣ ማረሻውን ከሠራለት ሰው ጋር አንድ ገበታ ላይ አልቀረበም። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ይባል የለ? እኛ በእጃችን የያዝነውን ባለ እጅ ከአውሬ ቆጠርነው።

የነገሩን ምፀት ያየሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በበቾ ሜዳ የሚያልፈው አዋሽ ወደ ታች ወርዶ መልካ ቁንጥሬ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1963 ዤራር ዴከር የተባለ የሆላንድ የውኃ ባለሙያ በዚያ ወንዝ ዳር የጥንት የድንጋይ መሣሪያዎችን አገኘ። ከዚያ ወዲህ በተደረገው ቁፋሮ እስከ ሁለት ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ የኑሮ ዱካ ተገኝቷል። ቦታው ከባልጪት ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እኔን ከሁሉ የነካኝ መሣሪያው አይደለም። በዚሁ ስፍራ 700,000 ዓመት ገደማ የሆናቸው የእግር ዱካዎች አሉ። ከዱካዎቹ መካከል ገና መሄድ የጀመሩ ሕፃናት ኮቴ ይገኝበታል። ትልልቆቹ ድንጋይ እየጠረቡና ሥጋ እየበለቱ ሕፃናቱ በጭቃው ውስጥ አብረዋቸው ነበሩ። እኛ የምንባለው ሰዎች ገና ሳንመጣ ማለት ነው።

እንግዲህ አስቡት። እነዚያን ፍጥረታት «የሰው ወገን» ብለን እንድንጠራቸው ያደረገን አንዱ ምልክት ምንድን ነው? መሣሪያ መሥራታቸው ነው። በመልካ ቁንጥሬ ድንጋይ የጠረበውን «አባቴ» ብለን ሙዚየም አቆምንለት፤ ከዚያው ወንዝ ወደ ላይ፣ ተጂ ላይ፣ ብረት የቀጠቀጠውን «ጅብ» ብለን ከደጃፍ መለስነው። በደቡብ አገራችን፣ በኮንሶና በጋሞ፣ ቆዳ የሚፍቁ ባለሙያዎች የድንጋይ መፋቂያን እስከ እኛ ዘመን ድረስ ጠብቀው አቆይተዋል። የዓለም ተመራማሪዎች ከሩቅ እየመጡ ከእጃቸው ሲማሩ፣ ጎረቤቶቻቸው ግን ልጃቸውን ለማግባት ይጠየፉ ነበር።

ወንዙን ይዘን ወደ አፋር ከወረድን ደግሞ ሌላ ትምህርት አለ። ድንቅነሽ በሐዳር የተገኘችው በኅዳር 1967 ዓ.ም. ነው፤ ያው መሬት ለአራሹ በታወጀበት ዓመት። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው። ይህች ትንሽ ፍጥረት ቀና ብላ ብታየን ምን ትለን ነበር? ረጃጅም፣ ፀጉር የለሽ፣ ሌሊቱን ቀን የሚያደርጉ፣ በብረት ውስጥ ተቀምጠው የሚበሩ ፍጥረታት። ለእርሷ ድኅረ ሰዎቹ እኛ ነን። «ከሰው በኋላ የሚመጣው» እያልን የምንፈራው ነገር ከእኛ በፊት ለነበሩት ደርሷል። የደረሰባቸውም እኛ ነን።

እንግሊዛዊው ዊልያም ጎልዲንግ እ.ኤ.አ. በ1955 ባሳተመው «ዘ ኢንሄሪተርስ» («ወራሾቹ») በተባለ ልብ ወለድ ይህንኑ አስቦታል። ታሪኩ የሚተረከው ሊጠፉ በተቃረቡት የኒያንደርታል ሰዎች ዓይን ነው። የሚመጡት አስፈሪ ባዕዳን እኛ ነን። እነርሱን የምንፈራውም እኛው ነን፤ ጭራቅ አድርገን የምናያቸውም እኛ። ሳይንሱ ደግሞ ከልብ ወለዱ የበለጠ አስገራሚ ነገር አመጣ። እ.ኤ.አ. በ2010 ስቫንቴ ፔቦና ባልደረቦቹ የኒያንደርታልን የዘር ውርስ አንብበው፣ ከአፍሪካ ውጭ ያሉ ሕዝቦች ከ1 እስከ 4 በመቶ የሚሆን ውርሳቸውን ከእነዚያ ከጠፉት ሰዎች እንዳገኙ አሳዩ። ስለዚህ «ጠላት ነበሩ ወይስ ዘመድ?» ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ ሁለቱም ነው። አንዱ ወገን ጠፍቷል። የጠፋው ግን በጠፋበት ሰው ደም ውስጥ እስከ ዛሬ አለ። ጠላትነት ዝምድናን አይሽረውም፤ ያዘገየዋል እንጂ።

እዚህ ላይ አንድ አስተዋይ አንባቢ እንደሚያቋርጠኝ አውቃለሁ። «ቆይ እንጂ ወንድሜ! የተናቀውን ባለ እጅ ከስልክ ማሽን ጋር እያመሳሰልህ አይደለምን? ይህ ሁለተኛ ስድብ አይሆንም?» ይለኛል። ተቃውሞው ትክክል ነው። ጓደኛዬ ሰው ነበር። ያመዋል፤ ይርበዋል፤ ያፍራል። ማሽኑ ያመው እንደሆነ እስካሁን የሚያሳምን ምልክት አላየሁም። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ሚዛን አላስቀምጥም። በሚዛኑ ላይ የማስቀምጠው የእኛን አፍ ነው። በድንኳኑ ውስጥ ማሽኑን «ቡዳ» ያለው አፍና ጓደኛዬን «ቡዳ» ያለው አፍ አንድ ነው። ያልገባውን ጥበብ ሲያይ ወይ ይሰግድለታል ወይ አውሬ ይለዋል። ሦስተኛ መንገድ አልለመደም።

መስገዱም ከመርገሙ ያላነሰ አደጋ አለው። ሶፍያ የተባለችውን ሮቦት እናስታውስ። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ሳውዲ ዓረቢያ ዜግነት እንደሰጠቻት አስታወቀች። በሶፍያ ሶፍትዌር ሥራ ከተሳተፉት መካከል አዲስ አበባ የሚገኘው አይኮግ ላብስ አንዱ በመሆኑ፣ በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ስትመጣ በታላቅ ደስታ ተቀበልናት። እኔም በጋዜጣ ፎቶዋን አይቼ ኮርቻለሁ። ወዲያው ግን ሌላ ፎቶ ትዝ አለኝ። በ2006 ዓ.ም. ያቺው አገር የመኖሪያ ፈቃድ የላችሁም ብላ በጅምላ ያስወጣቻቸው፣ ቁጥራቸው ከ160,000 የበለጠ ኢትዮጵያውያን ብርድ ልብስ ተከናንበው ከአውሮፕላን ሲወርዱ የሚያሳይ ፎቶ ነው። ልብሷን ያጠቡላት፣ ልጆቿን ያሳደጉላት፣ ግንቧን የገነቡላት ሰዎች ወጡ። የሚደማ እጅ የሌላት ሮቦት ዜጋ ሆነች። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከሮቦት ጋር መዛመድ ዋጋ አያስከፍልም። አትታመምም፤ ደመወዝ አትጠይቅም፤ እናቷ ሞታባት አገሬ ልግባ አትልም።

ስለዚህ ዝምድናን በተመለከተ ሁለት ጥፋት እንዳለ ተረዳሁ። አንዱ ዘመድ የሆነውን መካድ ነው። ሁለተኛው ግዴታ የሌለበትን ዝምድና በርካሽ መግዛት ነው። ሁለቱ ደግሞ ይረዳዳሉ። ማሽኑን «ሰው» ባልነው ቁጥር ከኋላው ያለው ሰው ይጠፋል። ናይሮቢ ውስጥ ቁጭ ብለው፣ ማሽኑ ክፉ ነገር እንዳይናገር ለማስተማር የዓለምን ቆሻሻ ጽሑፍ እያነበቡ ሲለዩ የዋሉ ሠራተኞች በሰዓት ከ2 ዶላር በታች ይከፈላቸው እንደነበር ታይም መጽሔት እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ጽፏል። የቻፔክ «ሮቦታ» እነሆ። ሁዳዱ አልቀረም፤ ሁዳደኛው ከመጋረጃ በስተጀርባ ገባ እንጂ። ደግሞም ማሽኑ ጥፋት ሲያደርስ ባለቤቱ «እኔ አይደለሁም፣ እርሱ ነው» እንዲል በር ይከፈትለታል።

ታዲያ ምን እናድርግ? እኔ የደረስሁበት ይህ ነው። በሰው ላይ «ሰው ነው?» የሚለው ጥያቄ ጨርሶ አይጠየቅም። ጥያቄው ራሱ ጥፋቱ ነው፤ መልሱ ምንም ይሁን። እኔ ጢስ ውስጥ ሆኜ የተጠየቅሁት «ማን ነው?» ተብዬ ይምሰል እንጂ፣ ከጥያቄው በታች «የትኛው ጎረቤትህ ሰው አይደለም?» የሚል ነበር። ለሠራነው አዲስ ፍጡር ግን ጥያቄው መጠየቅ አለበት፤ በትዕግሥትና ያለ ጢስ። ዛሬ ወንድም ብሎ ለመጥራት አንቸኩል። አውሬ ብሎ ለመጥራትም አንቸኩል። እስከዚያው ድረስ በተጠያቂነት የምንይዘው የሠራውንና ያሰማራውን ሰው ነው።

ምልክቱ አንድ ቀን ቢታይስ? እዚህ ላይ ቻፔክ በቲያትሩ መጨረሻ ያስቀመጠው ነገር ከብዙ ፈላስፋ ይሻለኛል። የሰው ዘር ጠፍቶ አልክዊስት የተባለ አንድ አሮጌ ግንበኛ ብቻ ቀርቷል። ሁለት ሮቦቶች፣ ወንድና ሴት፣ ፊቱ ቆመዋል። ከሁለቱ አንዱን ለምርመራ ሊቀድደው እንደሚፈልግ ሲነግራቸው፣ እያንዳንዳቸው «እኔን ውሰድ፣ እርሱን ተው»፣ «እኔን ውሰድ፣ እርሷን ተው» በሚል መንገድ ይለምኑታል። አሮጌው ሰው የሚፈልገውን አገኘ። አዳምና ሔዋን ብሎ ባርኮ ሰደዳቸው። ማሰባቸውን አልመዘነም፤ ቋንቋ መቻላቸውን አልፈተነም። አንዱ ስለ ሌላው ሊሞት መቁረጡን አየ። በዚህ ሚዛን ብመዘን፣ የዘጠኝና የአሥር ዓመቱ እኔ፣ ጢሱ እንዲቆምልኝ የጓደኛዬን ስም የሰጠሁት፣ ፈተናውን ወድቄያለሁ። ልጅ ነበርኩ ብዬ ራሴን አጽናናለሁ። መጽናናቱ ግን ሙሉ አይሆንልኝም።

ወደ ድንኳኑ ልመልሳችሁ። ሳቁ ከበረደ በኋላ ያን አዛውንት ጠጋ ብዬ፣ «አባባ፣ እዚያ ገበያው ዳር ብረት ይቀጠቅጡ የነበሩት ሰዎች የት እንደገቡ ያውቃሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «የኛን ማረሻ ይሠሩ የነበሩት?» አሉ በመጨረሻ። «ማን ጠየቀ፣ ልጄ። ሄዱ፤ ሄዱ ነው። ደግ ሰዎች ነበሩ። የእርሳቸው ማረሻ ደግሞ አይዶለዱምም ነበር።»

«ደግ ሰዎች ነበሩ» የሚለውን ቃል ከተጂ ሰው አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ሃምሳ ዓመት ዘግይቶ መጣ። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» እንላለን፤ እነርሱ ግን ዘመድ ያጡት በዘመዶቻቸው መካከል ሳሉ ነው። ያ ቃል በጊዜው ተነግሮ ቢሆን አንድ ልጅ ንፍሮውን በሳህን ይበላ ነበር።

ወጣቱ ዘመዴ በማግሥቱ ወደ መኪናው ሲሸኘኝ፣ «ጋሼ፣ እርስዎስ ምን ይመስልዎታል? ወደፊት እንደ ሰው ይሆናል ወይስ ያጠፋናል?» አለኝ፤ ስልኩን እያሳየኝ። የማላውቀውን ትንቢት አልተናገርኩለትም። «እርሱ ምን እንደሚሆን አላውቅም። አንተ ግን ማንም ሰው ‹ማን ነው የበላህ?› ብሎ ጢስ ቢያጨስብህ፣ ስም አትጥራ» አልኩት።

አልገባውም። እስኪገባው ድረስ ብዬ ይህን ጻፍሁ።